ስለ መምህሩና ስለ አሮጌይቱ አውቶሞቢል

ገቢው የተለካ ሰው ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ ከባለጠጋ ይልቅ አስተዋይ ይሆን ዘንድ ግድ ነው። ባለጠጋ ቢሳሳት ስሕተቱን በሌላ ገንዘብ ይሸፍነዋል፤ ድኻ ግን ስሕተቱን ከልጆቹ እንጀራ ላይ ቀንሶ ይከፍለዋል። ይህ ነገር በሸማና በጫማም ቢሆን የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን ዋጋው የብዙ ዓመት ድካም በሆነ ዕቃ ላይ ሲሆን እጅግ ይከብዳል። በከተማ ለሚኖር ደመወዝተኛ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ እንዲህ ያለው ዕቃ አውቶሞቢል ነው።

ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያይቱን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ አውቶሞቢል የንጉሥ መደነቂያ ነበረች። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ለራሱ የመጀመሪያይቱን አውቶሞቢል ሊገዛ ተነሣ። የሚከተለው ታሪክ የርሱ ነው።

መምህሩ ያን ጊዜ 43 ዓመቱ ነበር። ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ ማታ ደግሞ ከቤቱ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ የማታ ትምህርት ቤት ለሠራተኞች ያስተምራል። ባለቤቱ በቤቷ ልብስ ትሰፋለች። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ እናቱም ከአገር ቤት መጥተው ከርሱ ጋር ይኖራሉ። እናቱ የስኳር ሕመም ስላለባቸው በየወሩ ሁለት ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለባቸው፤ ጉልበታቸውም ደክሞ ስለ ነበር የታክሲውን ደረጃ መውጣት አይችሉም ነበር። አንድ ቀን ከሚኒባስ በር ላይ ሲወጡ ወደቁ፤ ረዳቱ «እማማ ቶሎ በሉ» እያለ ሕዝቡ ሁሉ እየተመለከተ እጃቸውን ይዞ አነሣቸው። እናቲቱ ምንም አልተናገሩም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን የሐኪም ቀጠሮ በደረሰ ቊጥር «ዛሬስ ደህና ነኝ፤ አልሄድም» ማለት ጀመሩ። መምህሩ አውቶሞቢል ለመግዛት የቈረጠው ይህን ቃል በሰማ ጊዜ ነው።

ገንዘቡም እንዲህ ሆኖ የተሰበሰበ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከማታው ደመወዝ እያነሣ በባንክ ያኖረው 20,000 ብር ነበረው። ከዚህም ሌላ 40 ሰዎች በየወሩ 400 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ ነበረ፤ የመምህሩ ዕጣ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ በጥር ወር 2000 ዓ.ም. ወጣለትና 16,000 ብር ተቀበለ። ድምሩ 36,000 ብር ሆነ። «ከመጠምጠም መማር ይቀድማል» እንደሚባለው መንጃ ፈቃዱን ከዓመት በፊት አውጥቶ ነበር። የቀረው መኪናይቱን መምረጥ ብቻ መሰለው።

የመምህሩ ጓደኛ የሆነ ሌላ መምህር አንዲት ኮሮላ መኖሯን ነገረው። «ዲኤክስ» እየተባለች የምትጠራው፣ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ጽናቷ የተመሰከረላት ዐይነት ነበረች። ባለቤቷ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ስለ ሆነ 62,000 ብር ቢያገኝ ይሸጣታል። መምህሩ ሄዶ አያት፤ በሯ ሲዘጋ ድምፁ እንደ መጽሐፍ መዝጊያ ለስላሳ ነበር። አራት በር አላት፤ ልጆቹ ከኋላ፣ እናቱ ከፊት ተቀምጠው በዐይነ ሕሊናው አየ። የጐደለው 26,000 ብር ነው። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነጋዴ ስለ ነበረ ነገሩን ሰምቶ «እኔ አበድርሃለሁ፤ ወለድም አልፈልግም፤ እንደ ተመቸህ ትከፍለኛለህ» አለው። መምህሩ በዚያች ሌሊት ደስታ እንቅልፍ ነሣው።

ሚስቱ ግን በማግሥቱ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የስፌት ሒሳቧን የምትጽፍበትን ደብተር ዘርግታ እንዲህ አለችው። «አንተ ሒሳብ አስተማሪ ነህ፤ ይህችን አስላልኝ። ዕቁቡ አለቀ፤ ስለዚህ በየወሩ 400 ብር ይተርፈናል። ለእማማ ሐኪም ቤት የኮንትራት ታክሲ ደርሶ መልስ 80 ብር፣ በወር ሁለት ጊዜ 160 ብር ነው። ለማታ ሥራህ የምታወጣው የታክሲ ዋጋ 90 ብር ነው። ሁሉ ቢደመር 650 ብር ነው። ከዚህ በቀር ለመኪና የሚሆን አንድ ሳንቲም በዚህ ቤት የለም። የወንድሜን 26,000 ብር በየወሩ 650 ብር ብንከፍል ስንት ወር ይፈጃል?»

መምህሩ ለማስላት እርሳስ አላስፈለገውም። «40 ወር» አለ።

«እንግዲያው መኪናይቱ 40 ወር ቆማ ትጾማለች» አለች። «ቤንዚን በምን እንቀዳላታለን?»

እርሱም «ወንድምሽ እኮ እንደ ተመቸህ ብሎኛል፤ ወለድም የለውም» ብሎ መለሰ።

«የወንድሜ ገንዘብ ወለድ የለውም፤ ዐይን ግን አለው» አለች ሚስቱ። «ለልጄ ጫማ በገዛሁ ቊጥር የሚያየኝ ይመስለኛል።»

መምህሩ ከዚህ በኋላ የሚመልሰው ቃል አጣ። አውቶሞቢል ሁለት ዋጋ እንዳላት ያን ሌሊት ተረዳ። አንደኛው ዋጋ በአንድ ቀን ተቈጥሮ ለሻጩ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ግን ደረሰኝ የሌለው ሲሆን በየወሩ ለነዳጅ፣ ለዘይት፣ ለጐማ፣ ለባትሪ፣ ለመድንና ለዓመት ምርመራ የሚከፈለው ነው። መኪናይቱ ብትሄድም ብትቆምም ይህ ሁለተኛው ዋጋ አይቀርም። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅም ማንኛውም ባለመኪና በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጕዳት የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ አስገድዶ ነበር። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዋጋ ከፍሎ ሁለተኛውን መክፈል እያቃተው መኪናውን በግቢው ውስጥ በሸራ ሸፍኖ ያኖራል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ በደብተሩ ላይ አንድ ሕግ ጻፉ፤ ከ36,000 ብር ውስጥ ለመኪናይቱ የሚከፈለው ከ30,000 ብር እንዳይበልጥ፣ የቀረውም ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ተለይቶ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ጓደኛውንም አመስግኖ ኮሮላይቱን ተዋት።

ከዚያ በኋላ አንድ ደላላ መጥቶ በ30,000 ብር የምትሸጥ ቀይ የቤት መኪና አሳየው። ቀለሟ አዲስ ነው፤ ጐማዋ ጥቁር ሆኖ ያበራል፤ የኪሎ ሜትር ቈጣሪዋም 60,000 ብቻ ያሳያል። ደላላው «ሌላ ሰው ነገ ቀብድ ሊሰጥ ነው» እያለ ያጣድፈው ነበር። መምህሩ ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን የእናቱን ተረት አስታውሶ በሰፈሩ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዞ ሄደ።

ሽማግሌው መካኒክ በመጀመሪያ እጃቸውን በሞተሩ ላይ አሳረፉና ወደ መምህሩ ዞረው «መምህር፣ ይህ ሞተር ሞቋል፤ ሳንመጣ አስነሥተውታል። የሚሸጥ ሞተር ሲነሣ ማየት በብርዱ ነው፤ የሚያነክስ በሬ ከሞቀው በኋላ ማንከሱን ይደብቃል» አሏቸው። ቀጥለውም ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አውጥተው በበሩ ላይ አስጠጉት፤ ከላይ ያዘ፤ ከታች ግን ወደቀ። «እዚህ ቆርቆሮ የለም፤ ስቱኮ ነው» አሉ። የፍሬኑን ፔዳል ቢያዩት ጐማው እስከ ብረቱ ተበልቷል፤ 60,000 ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና ግን ፔዳሏ እንዲህ አይበላም። በጐማው ጎን የተጻፈውንም ቊጥር አነበቡለት። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ቊጥሩም 1500 ነበር። ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በ15ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ እንግዲህ ያ የሚያበራው ጐማ የስምንት ዓመት አሮጌ ሆኖ ቀለም ተቀብቷል። በመጨረሻም ነዳጁን ሲረግጡት ከጭስ መውጫው ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ሽማግሌው «ጥቁር ጭስ ቢሆን ቤንዚን አብዝታለች እንል ነበር፤ ሰማያዊ ግን ዘይት ትበላለች ማለት ነው። ይህችን መኪና ከገዙ ሞተር ለብቻው ይገዛሉ» አሉ። መምህሩም ደላላውን ተሰናብቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ሦስተኛይቱ መኪና የተገኘችው በሚያዝያ ወር ነው። አንድ ጡረተኛ የቢሮ ሠራተኛ ዐይናቸው ስለ ደከመ ሊሸጧት ያሰቡ ቮልስዋገን ነበረች፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. የተሠራች ስትሆን መልኳ የደበዘዘ ሰማያዊ ነው። ይህች መኪና በአዲስ አበባ ሽማግሌም ሕፃንም የሚያውቃት ናት። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻይቱም በሜክሲኮ አገር በ1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ ወጥታለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበር የታወቀ ነው። ሞተሯ በስተኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በነፋስ ስለ ሆነ ውኃ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ የሚፈስ ራዲያተርም የሚፈላ ውኃም የላትም። መለዋወጫዋም በመርካቶ በሱማሌ ተራ ይገኛል፤ ብዙ መካኒክም ያውቃታል። ለድኻ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብርቅ የሆነች መኪና ስትታመም መድኃኒቷም ብርቅ ነውና።

ሽማግሌው መካኒክ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብለው ከታች ጀመሩ። የኋላውን መቀመጫ አንሥተው ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል መረመሩ፤ አሲድ የሚፈስበት ስለ ሆነ የዚህች መኪና ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጥቂት ዝገት አለ፤ የተበሳ ግን የለም። ሞተሩ ሳይነሣ የኋላውን መዘውር ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፉት፤ ቢወዛወዝ ኖሮ የሞተሩ ዋና ዘንግ መቀመጫው ተበልቷል ማለት ነበር። አልተወዛወዘም። ከዚያም በብርዱ አስነሡት፤ ጥቂት አንጓጓና ጸና፤ ጭሱም ንጹሕ ነበር። በአጭሩ ሽማግሌው ጕድለት አላገኙም። ሻጩ የጠየቁት 31,000 ብር ነው፤ መምህሩም ለማስቀነስ ቃሉን ሲያዘጋጅ ሳለ ጡረተኛው ሰው እንዲህ አሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ሁለተኛው ማርሽ ቁልቁለት ላይ እግርህን ከነዳጁ ስታነሣ ይዘላል። በሜዳ ላይ አያስታውቅም፤ ስለዚህ መካኒክህ አላገኘውም። እኔ እጄን አስደግፌ ነው የምነዳው።»

በዚያ ግቢ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ። የሻጩ ልጅ አባቱን ገላመጠ። መካኒኩ ግን ራሳቸውን ነቅንቀው ማርሹን ለማሠራት 1,800 ብር ያህል እንደሚፈጅ ተናገሩ። ብዙ ክርክር ሳይደረግ ዋጋው 29,000 ብር ሆነ። መምህሩ በኋላ ለሚስቱ ሲያጫውታት ያን ቀን መኪናይቱን ያስገዛው ያ የተነገረው ጕድለት መሆኑን ገለጠላት። የታወቀ ጕድለት በደብተር ላይ የሚጻፍ ወጪ ነው፤ የተሸሸገ ጕድለት ግን ሰዓቱ የማይታወቅ ሌባ ነው። ደግሞም አንዱን ጕድለት ሳይጠየቅ የተናገረ ሰው ሌላውን ይሸሽጋል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

እንዲህም ቢሆን እምነት ማስረጃን አያስቀርም። በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሞተር ቊጥር በሞተሩ ላይ ካለው ጋር፣ የሻንሲውንም ቊጥር ከኋላ መቀመጫ ሥር ከተመታው ጋር አስተያዩ። መኪናይቱ በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት እገዳ እንዳልተያዘች አስመረመሩ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ውልና ማስረጃ ሄደው ተፈራረሙ፤ ገንዘቡም ያን ጊዜ ተከፈለ። ስም ለማዛወር፣ ለመድንና ለምርመራ 2,000 ብር፣ ለማርሹም 1,800 ብር ወጣ። የቀረው 3,200 ብር በደብተሩ ላይ «የመኪናይቱ ነው፤ አይነካም» ተብሎ ተጻፈ። ከወሩ 650 ብር ውስጥም 230 ብር ለቤንዚን፣ 60 ብር ለመድንና ለዓመት ምርመራ፣ 360 ብር ለዘይት፣ ለጐማና ለጥገና ተመደበ።

በትምህርት ቤቱ መሳቂያ መሆኑ አልቀረም። አንድ የታሪክ መምህር «ወንድሜ፣ ንጉሡ እንኳ ሲወርዱ ነው በርሷ የሄዱት፤ አንተ ልትወጣባት ነው?» ብሎ አሳቀበት። መምህሩም አብሮ ሳቀ፤ ነገር ግን ሳምንት ያህል መኪናይቱን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ማቆሙን ማንም አላየበትም ብሎ ያስብ ነበር። ሚስቱ ይህን ባወቀች ጊዜ «በሰው ገንዘብ የተገዛች ብትሆን ታፍርባት ነበር፤ ይህች ግን ጐማዋም ያንተ ነው» አለችው። በማግሥቱ ወደ ውስጥ አስገባት። የክረምቱ ዝናብ በገባ ጊዜ ከማታው ትምህርት በኋላ «እስከ አደባባዩ አድርሰኝ» ብሎ መጀመሪያ የለመነው ያው የታሪክ መምህር ነበር።

እናቲቱ ከፊት መቀመጫው መቀመጥ ለመዱ። መሬቱ ቅርብ ስለ ሆነ እግራቸውን አንሥተው ለመግባት የሰው እጅ አያስፈልጋቸውም። «ዛሬስ ደህና ነኝ» ማለትም ቀረ፤ እንዲያውም የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ነጠላቸውን ለብሰው ከሁሉ ቀድመው በር ላይ ይቆሙ ነበር።

በኅዳር ወር 2001 ዓ.ም. ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ ከመንገዱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ ከመሪው ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ድንገት በራች። ሰዓቱ ረፍዶ ነበር፤ የካርዱ ተራ እንዳያልፍ መምህሩ ተጨነቀ። ጥቂት ርቀት ናት፤ ብደርስስ ብሎ አሰበ። ዳሩ ግን ሽማግሌው መካኒክ መኪናይቱን በገዛ ቀን ያሉት ቃል ትዝ አለው። «መምህር፣ የዚህች መኪና ሕይወቷ በአንዲት ቺንጊያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ዲናሞውም ማራገቢያውም ይቆማሉ፤ ነፋስ ያጣ ሞተር ደግሞ ይቃጠላል። ቀይዋ መብራት ከበራች አንድ እርምጃ አይጨምሩ» ብለውት ነበር። ስለዚህ ጥግ ይዞ ቆመ። የኋላውን ክዳን ቢከፍት እውነትም ቺንጊያው ተበጥሷል።

እናቲቱ በመስኮቱ ራሳቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ምን ሆነች? ታመመች እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«ቀበቶዋ ተበጥሶ ነው፣ እማዬ» አላቸው።

«ምስኪን፤ እንግዲያስ ቶሎ አስታጥቃት፤ ሰው አይይባት» አሉት።

መምህሩ እየሳቀ ከፊት ካለው የዕቃ ማስቀመጫ አዲሱን ቺንጊያ፣ አንድ ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ አወጣ። ያ ቺንጊያ ከተመደበው ገንዘብ ላይ በመጀመሪያው ወር ተገዝቶ የተቀመጠ ነበር፤ መካኒኩም እንዴት እንደሚገባ ሁለት ጊዜ አሠርተው አስተምረውታል። በ20 ደቂቃ ውስጥ ሥራው አለቀ፤ እጁ ጠቁሮ፣ ሸሚዙ ተበላሽቶ፣ ነገር ግን ተራው ሳያልፍ ደረሱ። ያን ቀን ለቺንጊያው የሚሆን ገንዘብ ባይኖር ኖሮ፣ ወይም «እስክደርስ ልሞክር» ብሎ ቢሄድ ኖሮ፣ ሞተሩ ይነድ ነበር፤ ከሞተሩም ጋር የዘጠኝ ዓመት ቁጠባ ይነድ ነበር።

ዓመቱ ሲሞላ ሚስቱ ደብተሩን ዘጋች። ለጥገና ከተመደበው 4,320 ብር ውስጥ ለሁለት ጐማ፣ ለፊት ፍሬን፣ ለዘይትና ለትንንሽ ነገር 2,950 ብር ወጥቷል፤ 1,370 ብር ተርፎ ካለው 3,200 ብር ጋር ሲደመር 4,570 ብር ሆነ። ከጎረቤት የተበደሩት ምንም የለም።

ስለ እውነት ሲባል ግን ኮሮላይቱም መጥፎ መኪና እንዳልነበረች መናገር ይገባል። አንድ ነጋዴ ገዝቷት ብዙ ዓመት ያለ ችግር ነድቷታል፤ መምህሩም በመንገድ ባገኛት ቊጥር የበሯን ድምፅ ያስታውስ ነበር። ከመኪናነቷ ብትመዘን ከቮልስዋገኗ ትበልጣለች። ነገር ግን ዕቃ በራሱ ጥሩነት ብቻ አይመዘንም፤ ከሚገዛው ሰው አቅም ጋር ይመዘናል። በነጋዴው ቤት አገልጋይ የሆነችው ኮሮላ በመምህሩ ቤት ጌታ ትሆን ነበር።

እናቲቱ በ2007 ዓ.ም. ዐረፉ። መምህሩም መኪናይቱን ይዞ እስከ 2016 ዓ.ም. ቆየ። በዚህ መካከል የመኪና ነገር በአገሪቱ ተለዋወጠ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ ስለዚህ ቀድሞ በአገር ውስጥ የነበሩት አሮጌዎች ዋጋቸው ወጣ። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ለሚሠሩት ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻነት ሰጠ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። መምህሩ ጡረታው ሲቃረብና የማታውን ሥራ ሲተው መኪናይቱን ለመሸጥ አሰበ። የተጠየቀላት ዋጋም ከገዛበት ብዙ እጥፍ ነበር።

ልትገዛ የመጣችው አንዲት ወጣት ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ስለ ሆነች ከሥራ ስትወጣ መንገዱ ያስፈራታል። የኤሌክትሪክ መኪና ጠይቃ ነበር፤ ዋጋው ከአቅሟ በላይ ሆነባት፤ ደግሞም በኪራይ ቤት ስለምትኖር ባትሪውን የምትሞላበት ቦታ የላትም። የመምህሩ ሚስት ይህን ሰምታ «ልጄ፣ የኤሌክትሪኩም ቢሆን ሒሳቡ አንድ ነው፤ ቤንዚን ባይጠጣም ባትሪው አንድ ቀን ያረጃል፤ የዚያን ቀን የሚከፈለውን ከዛሬ መቈጠር ነው» አለቻት።

ነርሷ መኪናይቱን ዞራ አይታ፣ የያዘችው መካኒክም መርምሮ ደህና ናት ብሎ ነበር። ደላላው ከመምህሩ ጎን ቆሞ ክንዱን ነካ አደረገው፤ ዝም እንዲል ማለቱ ነው። ያ ሁለተኛው ማርሽ ከ16 ዓመት በኋላ እንደ ገና መዝለል ጀምሮ ነበርና። መካኒኩ በሜዳ ላይ ስለ ነዳት አላገኘውም። መምህሩ ጥቂት ዝም አለ፤ ብሩ ለጡረታው ያስፈልገው ነበር፤ ልጅቱም ቀብዱን ከቦርሳዋ ልታወጣ ጀምራለች። በዚያች ደቂቃ ከብዙ ዓመት በፊት ዐይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ፊት የተናገሩት ቃል በጆሮው መጣበት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ።

ደላላው ፊቱን አዞረ። ለማርሹ ማሠሪያ የሚሆነው ከዋጋው ተቀነሰ፤ ነርሷም በተቀነሰው ዋጋ ገዛች። የመምህሩ ሚስት ወደ ቤት ገብታ የ16 ዓመቱን ወጪ ሁሉ የያዘውን ደብተር አምጥታ ሰጠቻት፤ ነርሷም የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ «የመኪናይቱ ነው፤ አይነካም» የሚለውን አንብባ ፈገግ አለች። ከዚያም አስነሥታ በመንደሩ መንገድ ቀስ ብላ ሄደች፤ ያ የታወቀው የሞተር ድምፅ ከማዕዘኑ ወዲያ እስኪጠፋ ድረስ ባልና ሚስቱ በር ላይ ቆሙ።

«የቀይዋን መብራት ነገር ነገርካት?» አለች ሚስቱ።

«ነገርኳት» አለ መምህሩ፤ «ትርፍ ቺንጊያውም ከፊት አለ።»